የልብስ ሰፊዋ ቀኝ እጅ

ለአምስተኛ ጊዜ የወደቀችው ፈተናው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ነገር አምሮላት ነበር። ቀበቶዋን አስራለች፣ መስታወቶቹን አይታለች፣ ዳገቱ ላይ መኪናዋን ወደ ኋላ ሳታንሸራትት አስነስታለች፣ በዘንጎቹ መካከልም አንዱንም ሳትነካ ወደ ኋላ ገብታ ወጥታለች። ፈታኙ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገው ዝምተኛ ሰው፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት ሲያደርግ በጎን እያየች "ዛሬስ አበቃ!" ስትል በሆዷ ፎከረች። ከዚያ ፈታኙ "እዚያ ዛፍ ጋ ያቁሙ" አላት። ቀላል ነገር ነው፤ ፍሬን መርገጥ ነው። ግን እግሯ ፍሬኑ ላይ ሳይደርስ ቀኝ እጇ መሪውን ለቆ ተነሳና ወደ ቀኝ ተወንጭፎ የፈታኙን የወረቀት ሰሌዳ ከጭኑ ላይ አስፈነጠረው። ሰሌዳው መስኮቱን መታ፣ እስክሪብቶው ወንበር ሥር ገባ፣ ፈታኙም በራሱ በኩል ያለውን ፍሬን ረግጦ መኪናዋን አቆማት። ፈታኝ ፍሬን ከረገጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገ።

"ወይዘሮ፣ ባለፈው ጉልበቴን ነው የመቱኝ" አላት።

"እኔ አይደለሁም" አለች ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ። "እጄ ነው።"

ይህችን ሴት ሰፈሩ የሚያውቃት እትዬ መርፌ በሚል ስም ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ ሁለቱን ያሳለፈችው ከዋናው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል፣ በእግር በምትረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ ነው። ሰፈርተኛው ሱሪ የሚያሳጥረው፣ የልጆቹን ዩኒፎርም የሚያሰፋው፣ ሲወፍር ኮቱን የሚያስለቅቀው፣ ሲከሳ የሚያስጠብበው እሷ ጋ ነው። ስለዚህ የማን ወገብ ዘንድሮ የት እንደደረሰ ታውቃለች። ደግነቱ ወሬ አትወድም፤ ብትወድ ኖሮ በሰፈሩ ውስጥ ስንት ትዳር ይናጋ ነበር።

መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብላ የተነሳችው በባሏ የተነሳ ነው። ባሏ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ነድቷል፤ ዛሬም ድረስ ሾፌሩ ነው የሚባለው። ጡረታ ሲወጣ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መኪና ገዛ። እሁድ እሁድ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ ከከተማ ወጣ ይላል። ጉዳይ የለውም፤ ዘመድ አይጠይቅም፣ ገበያ አይሄድም። ዝም ብሎ ይነዳና መንገዱ ደስ ያለው ቦታ ላይ አዙሮ ይመለሳል። "ዕድሜ ልኬን ሰው ወደፈለገበት ስነዳ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ ማንም ወዳልፈለገበት ልንዳ እንጂ" ይላል። እሷም ጫማዋን አውልቃ እግሯን አጥፋ ትቀመጣለች። እነዚያ እሁዶች የሕይወቷ ምርጥ ቀናት ነበሩ።

ከዚያ ዓይኑ ደከመ። ሐኪሞቹ የሚሉትን አሉ፣ ጠብታውንም ሰጡት፤ ግን ዓመት ሳይሞላ የሚያየው ጥላና ብርሃን ብቻ ሆነ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለበሰች። እሱም ቁልፉን ለሚስቱ አስረክቦ ራዲዮ ከፍቶ መቀመጥ ጀመረ። ራዲዮውን ግን ከልቡ አይሰማውም፤ የሚሰማው በአጥሩ በኩል የሚያልፉትን መኪናዎች ነው። "ይሄ ሰውዬ ማርሹን ዘግይቶ ቀየረ" ይላል ብቻውን። "ያቺኛዋ ደግሞ ፍሬኗ ሊያልቅ ነው፤ የሚነግራት የለም።"

ይህ አንጀቷን በላው። አንድ ቀን ቁርስ ላይ "እኔው ራሴ እነዳሃለሁ" አለችው።

"በሬ ነኝ እንዴ የምትነጂኝ?" ብሎ ሳቀ። ስትመዘገብ ግን ሳቁን ተወ።

ከስፌት ወንበር ተነስቶ መሪ መጨበጥ ይህን ያህል ጣጣ ያመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በመጀመሪያው ፈተና ሁለቱም እግሮቿ አንድ ላይ ተረከዝና ጣት፣ ተረከዝና ጣት እያሉ ሲረግጡ መኪናዋ እንደ ፌንጣ እየዘለለች ከመስመር ወጣች። የስፌት መርገጫ ሁለት እግር አንድ ላይ ነው የሚፈልገው፤ እግሮቿ ሌላ አያውቁም። በሁለተኛው ፈተና ደግሞ ዓይኗ ጣላት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ከአፍንጫዋ ስንዝር በማይርቅ መርፌ ላይ ተተክሎ የኖረ ዓይን መንገዱን ትቶ የመኪናዋን አፍንጫ ሲመለከት መንገዱ ወደ ግራ ታጥፎ ሄደ፤ እሷ አልታጠፈችም። ሦስተኛው ላይ ዘንግ ገጨች። ይህ እንኳ ማንም የሚሠራው ጥፋት ነው፤ አላፈረችበትም።

እግሯን ያስተካከለላት ባሏ ነው። የመንጃ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ በትርፍ ሰዓቱ ወደ አንድ ባዶ ሜዳ ይዟቸው ይወጣል፤ ባሏ ከኋላ ተቀምጦ በጆሮው ይከታተላታል። በሞተሩ ድምፅ ብቻ እግሯ የት እንዳለ ያውቃል። "ግራሽን አንሺ! ቀስ! ቀስ አልኩሽ እኮ! ኧረ ሰው ልትገድይ ነው!" ይላል። አስተማሪው እንኳ ይደነግጣል። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንገደኛና በእግረኛ ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ትዕግስትን ከየት ያምጣው? እሷም ትጮህበታለች፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራሉ። በዚህ ሁኔታ እግሯ ልብ ገዛ። ዓይኗን ደግሞ በራሷ ጊዜ ገራችው፤ በእግሯ ስትሄድ ከሩቅ ያለ ታፔላ እያነበበች።

እጇ ግን እምቢ አለ። አራተኛውንና አምስተኛውን ፈተና የወደቀችው በእጇ ነው።

በአምስተኛው ፈተና ሳምንት ልጃቸው መጣች። ትልቅ ሴት ናት፤ የራሷ ቤትና የራሷ ራስ ምታት ያላት። ክፋት የለባትም፤ ነገር ሲንዛዛ ግን አትወድም።

"እማዬ፣ የሚፈቀደው ስድስት ጊዜ ነው" አለች። "ስድስተኛውን ከወደቅሽ ከንድፈ ሐሳቡ ጀምረሽ እንደገና ልትማሪ ነው። መኪናዋን ደግሞ ዝገት እየበላት ነው። የሥራ ባልደረባዬ አጎት ሊገዛት ይፈልጋል፤ ደህና ሰው ነው። በስድስተኛው ፈተና ቀን ይምጣ። ካለፍሽ ይቅርታ ጠይቀን እንመልሰዋለን። ካልሆነ ይውሰዳትና እኛም ግቢያችን ይስፋ።"

ሁለቱም ወደ አባትየው ዞሩ። ራዲዮውን ዝቅ አደረገ።

"እሺ" አለ።

ይኼው ነው። በትራፊክ ፖሊስ ፊት እንኳ እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ማቆሚያ ያለፈ ተሳፋሪ "አስቁምልኝ" ሲለው ግማሽ መንገድ የሚከራከር ሰው፣ "እሺ" ብሎ ራዲዮውን መልሶ ከፍ አደረገ። ቢጮህ ይሻላት ነበር። መኪናዋ ከዚህ ግቢ የወጣች ቀን እሱም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ከእጇ እንደሚያመልጣት ታያት። ደግሞ ለማንም ያልነገረችው ሌላ ነገር አለ። ለእሱ ብላ የጀመረችው ነገር የእሷም ሆኗል። ያ ባዶ ሜዳ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ገብቶላት መኪናዋ ያለ ጣር ስትንሸራተት ደረቷ ውስጥ የሚከፈት ነገር አለ። በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ወደ ሌላ ቦታ መድረስ ችላለች። ይህን መልሳ ማጣት አልፈለገችም።

በማግስቱ ጠዋት ባሏ "አብሬሽ ልሂድ" አላት። ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ነፋሱ የመኪናዋን ሸራ ሲያንኳኳው መስማት እንዳልፈለገ ገባት። እጁን ይዛ ወደ ስፌት ክፍሏ ወሰደችውና ደንበኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

ክፍሏን የምትጋራት አንዲት ጥልፍ ሠሪ አለች፤ ከመስኮቱ ሥር የምትሠራ፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሚፈጥን ሴት።

"ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልናስተካክልልዎ?" አለችው።

"አፍሽን አጥብቃ የምትሰፋልኝ ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

 ሚስቱ የአንድ ዩኒፎርም ጎን መስፋት ጀመረች። እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ልክ የሞተር ድምፅ እንደሚያዳምጠው፣ ማዳመጥ ያዘ። ሠላሳ ዓመት በትዳር ሲኖሩ አንድም ቀን ሥራዋን ቁጭ ብሎ ሰምቶት አያውቅም። ሥራዋን አይቶት ያውቃል፤ መስማት ግን ሌላ ነው።

ረፋድ ላይ "አንቺ ሴትዮ፣ ይህቺን ነገር በምንድን ነው የምታቆሚያት?" አላት።

"እንዴት በምን? አቆማታለሁ ነዋ።"

"እግርሽ ዝም ይላል። ከዚያ መዳፍሽ የሆነ ብረት ላይ ጠብ ይላል።"

ልትመልስለት አፏን ከፈተችና ቀና አለች። ቀኝ እጇ በስፌት መኪናዋ ቀኝ ጎን ባለው መዘውር ላይ አርፏል። መዘውሩ እግር ሲረግጥ የሚሽከረከር ክብ ብረት ነው፤ ስፌቱ ጫፍ ሲደርስ መዳፍ ለጠፍ ሲያደርጉበት መርፌዋ ባለችበት ቀጥ ትላለች። ይህን የሚያስተምር የለም፣ የሚያስበውም የለም። እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው።

"ወይ ጉድ!" አለች ጥልፍ ሠሪዋ። "ቆይ ልቁጠርላችሁ።" አንድ ረጅም ቀይ ክር መዘዘችና የእትዬ መርፌ እጅ መዘውሩን በነካ ቁጥር አንድ ቋጠሮ እየቋጠረች ተቀመጠች። የራሷን ሥራ ትታ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ካገኘች ሥራ አይታያትም። ለምሳ ሲነሱ ክሩ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቋጠሮ ነበረው።

"ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም እኮ ይሄ" አለ ባሏ። ቋጠሮዎቹን በጣቶቹ እየዳበሰ ትንሽ አሰበ። "ስሚኝ። እጅሽ ያልታዘዘሽ መስሎሽ ነው የምትቆጪው። እጅሽማ ታዟል። እዚህ ቀኑን ሙሉ 'ለማቆም ተነስ' እያልሽ ታስተምሪዋለሽ፤ እዚያ ሜዳ ላይ በሳምንት ሁለት ሰዓት 'እንዳትነሳ' ትዪዋለሽ። ማንን ይስማ?"

"ታዲያ ሥራዬን ልተው?"

"አትተይም። እዚህም በእግርሽ አቁሚያታ።"

ተናደደች። ከልቧ ተናደደች። ምሳዋን ሳትጨርስ ተነስታ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። በዚህ እጅ ልጅ አሳድጋለች፣ ቤት አቁማለች፣ የግማሽ ከተማ ሰርግ አልብሳለች። አሁን ተነስቶ "አሠራርሽን ቀይሪ" ይላታል? በእሱ ቤት የስፌት መኪና በእግር ማቆም ቀላል ነው! እግር ብቻውን ሲያቆም መዘውሩ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ክሩ ይጠላለፍና ይበጠሳል። ይህን ማንኛዋም ጀማሪ ታውቃለች። ይህን ሁሉ ነገረችው።  ከሰዓት በኋላ ፊቷን አጥቁራ ስትሰፋ ዋለች። መዳፏ መዘውሩ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር አሁን ለእሷም ይሰማታል። ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አላት። ወደ ቤት ሊሄዱ ሲነሱ "ከነገ ጀምሮ እሞክረዋለሁ" አለች በንዴት።

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ክር ይበጠሳል፣ ይጠላለፋል፣ መርፌ ይሰበራል። አንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ኪሱ የተቀደደ ኮት አምጥቶ ስፊልኝ አላት፤ ማቆም ካለባት ቦታ አልፋ ኪሱን አፉን ዘግታ ሰፋችው። ሰውየው እጁን ሊከት ሲሞክር አልገባለትም፤ ደጋግሞ ሞከረ፤ ከዚያ በትህትና "ምናልባት አዲስ ፋሽን ይሆን?" አላት። ተረተረችና እንደገና ሰፋችው። አንድ ሙሽራ የምትለብሰውን ቀሚስ ጠርዝ አራት ጊዜ ተረተረችው። ቀድሞ በአንድ ቀን የምትጨርሰው ሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። ደንበኞቿ እርስ በእርስ "እትዬ መርፌ ምን ነካት?" ይባባሉ ጀመር።

እጇን ለመያዝ ያልሞከሩት ዘዴ የለም። ጥልፍ ሠሪዋ የቀኝ እጅጌዋን በመርፌ ቁልፍ ከሽርጧ ጋር ታያይዝላታለች፤ እሷም ደንበኛ ሲመጣ ረስታው ብድግ ስትል ሽርጡን ወደ ላይ ገልባ ቀሚሷን ታጋልጣለች። ሜትርሽን ጭንሽ ላይ በቀኝ እጅሽ ያዥ ተባለች፤ ሜትሩን ከነእጇ መዘውሩ ላይ አገኘችው። በመጨረሻ ያተረፈላት ነገር ዘዴ አልነበረም፤ ቀስ ማለት ነበር። ስፌቱ ሊያልቅ አንድ ስንዝር ሲቀረው እግሯን ማለዘብ ጀመረች፤ አራት ጣት ሲቀረው ይበልጥ፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ መዘውሩ ወደ ኋላ የሚመለስበት ጉልበት እንኳ አይኖረውም። ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ይህን ለመልመድ ደግሞ ከዚያ በላይ። አንዳንድ ቀን ተሳክቶላት ትዘፍናለች፤ በማግስቱ ተነስታ እንደ ጀማሪ ክር ትበጥሳለች። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት አቅቷት አለቀሰች፤ ባሏ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ሰማት።

"እኔ ትልቁን አውቶብስ ወደ ኋላ ማስገባት የተማርኩት በስንት ጊዜ ይመስልሻል?" አላት።

"በስንት?"

"አልነግርሽም። አፍራለሁ።"

ሳቀች። ተረተረችና እንደገና ሰፋች።

አንድ ቀን ጥልፍ ሠሪዋ ስለ አማቷ አንድ ረጅም ታሪክ ስታወራላት እትዬ መርፌ መሃል ላይ አቁማ "ከዚያስ?" አለቻት። ጥልፍ ሠሪዋ ግን አልቀጠለችም፤ አፏን ከፍታ ቀረች። እሷ አፏን ከፍታ ዝም ስትል ዓለም ሊያልቅ ነው ማለት ነው።

"ምነው?"

"አቆምሽ እኮ። እጅሽ ጨርቁ ላይ ነው።"

እውነትም ጨርቁ ላይ ነበር። ረስታዋለች። ይሄ መርሳት ሁለት ወር ተኩል የፈጀ መርሳት ነው። ከደስታዋ ብዛት ጥልፍ ሠሪዋን ከነክሯ አቀፈቻት።

የስድስተኛው ፈተና ቀን ደረሰ። ጥቁር መነጽር ያደረገው ፈታኝ ገና ከሩቅ ሲያያት የወረቀት ሰሌዳውን ወደ በሩ በኩል አዛወረው። አልተቀየመችውም። ዳገቱን ወጣች፣ ዘንጎቹ መካከል ገብታ ወጣች፣ ከዚያ ወደ ትልቁ መንገድ አወጣት። ስለ ቤት ማሰብ አልፈለገችም፤ ግን ገዢው በዚህ ሰዓት ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ወሬዋን እየጠበቀ እንደሆነ ታውቃለች። ካለፈች መኪናዋ ትቀራለች፤ ከወደቀች ትሄዳለች። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

የትራፊክ መብራቱ ጋ ሲደርሱ ቀይ በራ። ከፊት ለፊት ተማሪዎች መሻገር ጀመሩ። እግሯን አለዘበች፤ ፍሬኑን ቀስ አድርጋ ረገጠች፤ መኪናዋ ከመሻገሪያው መስመር አንድ ክንድ ሲቀራት ያለ ምንም መንገጫገጭ ቆመች።

ከዚያ እጇን አየችው።

ቀኝ እጇ መሪው ላይ ነው። አልተነሳም፣ አልተወዛወዘም፣ ሊነሳም አላሰበም። ጣቶቹ መሪውን ይዘው ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀምጠዋል። ሠላሳ ሁለት ዓመት የለመደውን ነገር ትቶ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የመርፌ ጠባሳ የሞላበትን፣ አውራ ጣቱ በመቀስ የጎበጠውን ይህን እጅ እያየች ልቧ በደስታ ሞላ። እንዲህ ያለ ታዛዥ እጅ ከየት መጣ? ተማሪዎቹ ተሻግረው አለቁ። አረንጓዴ በራ። ከኋላዋ አንድ መኪና ጡሩንባ ነፋ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ ትልቅ አውቶብስ። አልሰማችም። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ተመልሶ ቀይ በራ።

"ወይዘሮ" አለ ፈታኙ። "አረንጓዴው መጥቶ ሄደ።"

"እ?"

"ምን እያዩ ነበር?"

"እጄን።"

ፈታኙ በድንጋጤ ሰሌዳውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። "ምን ሆነ እጅዎ?"

"ምንም አልሆነም!" አለች ፊቷ እያበራ። "አያዩትም? ምንም አልሆነም እኮ!"

ሰውየው ረጅም ጊዜ አያት። እሱም ሰው ነው፤ ከንፈሩ ትንሽ ፈገግ ሊል ቃጣው። ግን አረንጓዴ መብራት ላይ መንገድ ዘግቶ መቆም ምን እንደሆነ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ጻፈው።

ወደ ቤት በእግሯ ተመለሰች። ደስታዋና ሐዘኗ አንድ ላይ ሆነው ቅጥ አጡባት። መኪናዋ ትሄዳለች። የቀረው ለባሏ መንገር ነው።

ግቢው ውስጥ ሸራው ተገፎ ሰማያዊዋ መኪና ፀሐይ ላይ ቆማለች። ገዢው፣ መልካም ፊት ያለው ወፍራም ሰው፣ ጎማዎቹን ጎንበስ ብሎ ያያል። ልጇ በረንዳው ላይ ቆማለች። ባሏ በሩ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ የእግሯን ኮቴ ሲሰማ ቀና አለ።

"ወደቅኩ" አለች፤ ሌላ መግቢያ አላገኘችለትም።

"አይዞሽ እማዬ" አለች ልጇ ቀስ ብላ። ገዢው እጆቹን ጠርጎ የት እንደሚያይ ጠፋው።

ባሏ ግን "እጅሽስ?" አላት።

"አልተነሳም።"

"ጭራሽ?"

"ጭራሽ። መሪው ላይ ነበር። ሁለቱም።"

"ታዲያ በምን ጣሉሽ?"

ነገረችው። ተማሪዎቹን፣ መብራቱን፣ ጡሩንባውን፣ እጇን ስታይ አረንጓዴው እንዳመለጣት፣ ምንም ሳትደብቅ ነገረችው።  የባሏ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ሳቀ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ግቢ ያልተሰማ ሳቅ ሳቀ። ጉልበቱን እየመታ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ፣ "አውቶብሱም ነፋ?" እያለ ሳቀ። እሷም ሳታስበው አብራው ሳቀች። ገዢውም ነገሩ ሳይገባው ፈገግ አለ።

ሳቁ ሲበርድለት ባሏ ፊቱን የገዢው ትንፋሽ ወደሚሰማበት አዞረ።

"ወንድሜ፣ አድክሜሃለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። መኪናዋ አትሸጥም። ሾፌር አግኝታለች።"

"አባዬ!" አለች ልጁ። "ወድቃለች እኮ!"

"ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው።"

"ከመጀመሪያው ልትጀምር ነው እኮ! ስንት ወር ሊፈጅ ነው?"

"እናትሽ ሠላሳ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ እንደገና አስተምራለች፤ አንድ ወረቀት ያቅታታል ብለሽ ነው? የፈጀውን ይፍጅ። እጠብቃለሁ።"

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ጩኸት አልነበረም። እግረኛ ለመሻገር አንድ እርምጃ ቢዘገይ ጡሩንባ የሚነፋ ሰው "እጠብቃለሁ" አለ፤ አባባሉም የሚጠብቅ ሰው አባባል ነበር። እትዬ መርፌ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እንባዋን በሁለት እጇ ጠረገች። ደስ አላት፤ ሌላ ስም የለውም።

ገዢው እንዳልተቀየመ ነግሮ፣ "ሲያልፉ ግን አንድ ዙር ይውሰዱኝ" ብሎ ቃል አስገብቷት ሄደ። ልጇም ራሷን እየነቀነቀች ከአባቷ ጋር ሸራውን አለበሰች፤ ስታለብስ ፈገግ ስትል እናቷ አየቻት።

"ሰኞ ምዝገባ አለ" አለች እትዬ መርፌ።

"ስንት ሰዓት?" አለ ባሏ።

"ጠዋት በሁለት ሰዓት።"

"ቀስቅሺኝ፤ እኔም እመጣለሁ። ሕጉ ስንቱ እንደተለወጠ ልስማ።"

"ክፍል ውስጥ ትጮሃለህ።"

"አልጮህም።"

"ትጮሃለህ። አውቅሃለሁ።"

ትንሽ አሰበበት። "ቀስ ብዬ እጮሃለሁ" አለ።

ሰኞ ጠዋት መዝጋቢዋ አንድ ስም ጽፋ ሁለት ወንበር አስመጣች።